መመሪያው ከመፈረሙ በፊት የኮልፌን ሰው ስሙ

ለኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የጨረራ ደኅንነት መመሪያዎች ሲረቀቁ ነዋሪው አስቀድሞ እንዲሰማ ስለመጠየቅ

የኮልፌ ቀራኒዮ ነዋሪ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው ጉዳዩ የእኔ ብቻ ስላልሆነ ነው። መሥሪያ ቤታችሁ ቀድሞ የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን ይሠራው የነበረውን ሥራ ተረክቦ የራጅ ማሽኑንም፣ የካንሰር ማከሚያውንም፣ በፋብሪካና በመንገድ ሥራ ላይ ያለውን ራዲዮአክቲቭ ዕቃም ይቆጣጠራል። ፈቃድ ትሰጣላችሁ፣ ትፈትሻላችሁ፣ መመሪያ ታወጣላችሁ። የምለምናችሁ መመሪያውን በተመለከተ ነው። ጨረርን የሚመለከት ረቂቅ ሲዘጋጅ፣ ከመፈረሙ በፊት ወደ ሰፈራችን ኑና አደጋው ቢመጣ መጀመሪያ በእጃቸው የሚነኩትን ሰዎች አስቀምጣችሁ ስሟቸው።

እነማን እንደሆኑ ልንገራችሁ። በጠዋት ከአየር ጤና እስከ ቤቴል፣ ከዓለም ባንክ እስከ ካራ ቆሬ በየመንደሩ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ጆንያ የተሸከመ ልጅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከገጠር የመጣና ሌላ ሥራ ያላገኘ። አሮጌ ብረት ድስት፣ የተሰበረ ምድጃ፣ የመኪና ዕቃ፣ ሽቦ፣ የማይታወቅ የብረት ቁራጭ ይገዛል። ማታ ለሚረከበው ሰው ያስረክባል፤ ከዚያ የሚጠቅመው ወደ ምናለሽ ተራ፣ የማይጠቅመው ወደ ብረት ማቅለጫ ይሄዳል። ልጁ የሚገዛው በግምት፣ የሚሸጠው በኪሎ ነው። ስለዚህ በመጠኑ ትንሽ ሆኖ ክብደቱ የሚያስገርም ዕቃ ሲያገኝ ደስ ይለዋል።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ብርቱ ጨረር የሚያወጣ ምንጭ ራሱ ብዙ ጊዜ ከጣት የማይበልጥ የብረት እንክብል ነው። የሚቀመጥበት ዕቃ ግን ጨረሩን እንዲያግድ በእርሳስ የተሞላ ስለሆነ እጅግ ይከብዳል። መንገድ ሲሠራ የአፈርና የአስፋልት ጥቅጥቅነት የሚለካበት መሣሪያ በውስጡ ሲዚየም-137 እና አሜሪሲየም-241 ይይዛል። በአንዳንድ ፋብሪካዎችም የፈሳሽና የዱቄት ከፍታ የሚለካው ተመሳሳይ ነገር ባላቸው መሣሪያዎች ነው። ለካንሰር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት ያገለገለው ማሽን ኮባልት-60 ነበር። የኮባልት-60 ኃይል በየአምስት ዓመት ከሦስት ወር ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ የሲዚየም-137 ግን እስኪጋመስ 30 ዓመት ይፈልጋል። አንድ የመንገድ ፕሮጀክት ተዘግቶ፣ ድርጅቱ ከስሮ፣ መጋዘኑ በሐራጅ ተሽጦ፣ ዕቃውን የሚያውቀው መሐንዲስ ሌላ ሥራ ይዞ ሲሄድ፣ ምንጩ ግን እንደነበረ ይቆያል።

ይህ እንዳይሆን በሕግ መዝገብ መያዝ እንዳለበት አውቃለሁ። አዋጅ ቁጥር 79 በ1986 ዓ.ም. ከወጣ ጀምሮ፣ በ2000 ዓ.ም. ቁጥር 571፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ቁጥር 1025 ተተክቶበት፣ በአገራችን የጨረር ሥራ ያለ ፈቃድ እንዳይሠራ ተደንግጓል። ነገር ግን መዝገብ የሚጠፋው በእኛ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በሕንድ ዋና ከተማ፣ ማያፑሪ በሚባለው የቁርጥራጭ ብረት ገበያ ሰዎች በኮባልት-60 ተቃጠሉ፤ አንድ ሠራተኛ ሞተ። ዕቃው የመጣው ከታላቁ የዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ከ1985 ጀምሮ ሳይነካ የቆየ የምርምር መሣሪያ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው እንደ ማንኛውም አሮጌ ንብረት በጨረታ ሸጦታል። የተማረ ሰው የሞላበት ቤት እንዲህ ከሆነ፣ በኪሳራ የተዘጋ የሥራ ተቋራጭ መጋዘን ምን እንደሚሆን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ከማያፑሪ በላይ ግን የምትረብሸኝ የብራዚሏ ጎያኒያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1985 አንድ የጨረር ሕክምና ክሊኒክ ቦታ ሲቀይር ሲዚየም-137 ያለበትን ማሽን በአሮጌው ሕንፃ ትቶት ሄደ። በመስከረም 1987 ሁለት ሰዎች ወደ ፍርስራሹ ገቡ፤ የማሽኑን ጭንቅላት ነቅለው በመውሰድ ለቁርጥራጭ ነጋዴ ሸጡት። ነጋዴው በውስጡ በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ዱቄት አገኘ። ውብ ነበርና ለዘመድ ለጎረቤት አካፈለ። አንዲት የ6 ዓመት ሕፃን ዱቄቱን በነካው እጇ ምግብ በላች። በመጨረሻ 4 ሰዎች ሞቱ፣ በ249 ሰዎች ላይ ብክለት ተገኘ፣ ከ112,000 በላይ ሕዝብ ተመረመረ፣ ቤቶች ፈርሰው አፈራቸው ተጠርጎ ተቀበረ።

እባካችሁ አንድ ነገር አስተውሉልኝ። ይህን አደጋ መጀመሪያ የጠረጠረው ተቆጣጣሪ ወይም ፊዚክስ የተማረ ሰው አልነበረም። የቁርጥራጭ ነጋዴው ሚስት ናት። ቤተሰቡና ጎረቤቱ ማስታወክ የጀመረው ያ ዕቃ ከመጣ ወዲህ መሆኑን አስባ አገናዘበች፤ ቅሪቱን በከረጢት አስደርጋ በአውቶቡስ ወደ ጤና መሥሪያ ቤት ወሰደችው። እርሷም ከሞቱት አራት ሰዎች አንዷ ናት። ምንም ሥልጠና፣ ምንም ማስጠንቀቂያ፣ የምትደውልበት ምንም ቁጥር አልነበራትም። ያላት ጥንቃቄዋና የጎረቤቶቿ ሕመም ነበር። ለእርሷ አስቀድሞ አንድ ቃል የነገራት ሰው ቢኖር ከረጢቱን ባልነካች ነበር።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ለልጆቹ እንድታዝኑላቸው ብቻ አይደለም። እነርሱ የሚያውቁት፣ እናንተ ግን በቢሮ ሆናችሁ ልታውቁት የማትችሉት ነገር አለ። አንድ ምሳሌ ላንሣ። ያለ ፈቃድ የጨረር ምንጭ ይዞ የተገኘ ይቀጣል የሚል ድንጋጌ ተገቢ ይመስላል። ያንን ድንጋጌ ግን ጆንያ ለተሸከመው ልጅ አንብቡለትና ምን እንደሚያደርግ ጠይቁት። ዕቃው በእጁ ካለ ይጥለዋል፤ በሌሊት፣ ሰው በማያይበት፣ ወንዝ ውስጥ ወይም ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ። ያንኑ ዕቃ በኪሎ ከሚሸጥበት ዋጋ ጥቂት ከፍ ባለ ዋጋ፣ ያለ ምንም ጥያቄ የምትረከቡበት ሥርዓት ካለ ግን ራሱ ይጠራችኋል። የትኛው ይሻላል? ይህን የሚመልሰው የጨረር ባለሙያ ሳይሆን ገበያውን የሚያውቀው ነው። ቅጣቱ በዕቃው ባለቤት ላይ፣ ያለ መዝገብ በጣለው ድርጅት ላይ ይበርታ፤ ያገኘው ሰው ግን ሊፈራ አይገባም ብዬ አምናለሁ። ይህ የእኔ አሳብ ነው። የእነርሱን አሳብ ከአፋቸው ስሙ።

ስለ ቆሼም እንዲሁ። ረጲ አካባቢ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የአዲስ አበባ ቆሻሻ የሚደፋበት ኮረብታ ያለው በእኛው ዳርቻ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ሥሩ ይኖሩ የነበሩት ሰዎች ክምሩ ከዓመት ዓመት እንዴት እንደሚቆም፣ በየት በኩል እንደሚያዘምም በዓይናቸው ያዩ ነበር። ከዚያ ሐዘን በኋላ በአካባቢያችን ስለ አደጋ ሕግ ሲወጣ ዳር ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው መኖር የለበትም። ከቆሻሻው ክምር ጎንም በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ተቋም ተመርቋል። የጨረር ምንጭ ከቆሻሻ ጋር ተቀላቅሎ ወደ እሳት ቢገባ ምን ይሆናል? በቆሻሻ መድፊያና በብረት ማቅለጫ በሮች ላይ የጨረር መፈተሻ ይቁም ወይስ አይቁም? ከቆመስ ሲጮህ ማን ይመጣል፣ በስንት ሰዓት? ከቆሻሻው ላስቲክና ቆርቆሮ ለቅመው ልጅ የሚያሳድጉት እናቶች እነዚህን ጥያቄዎች ከማንም በተሻለ ይጠይቃሉ።

ተራ ሰው መጠየቁ ሕጉን እንደሚያሻሽል የሚያሳይ ማስረጃ በእናንተው ሙያ ውስጥ አለ። በቢጫ መደብ ላይ ያለውን ሦስት ክንፍ ያለውን የጨረር ምልክት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያልተማረ ሰው ግን ምን እንደሆነ ከምልክቱ ሊያውቅ አይችልም፤ የአየር ማራገቢያ ወይም የመርከብ መዘውር ሊመስለው ይችላል። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ይህን ተረድቶ አዲስ ምልክት ሲያዘጋጅ ንድፎቹን በ11 አገሮች ለ1,650 ሰዎች አሳየ። ከአገሮቹ አንዷ ጎረቤታችን ኬንያ ነበረች። ሕፃናትም፣ ማንበብ የማይችሉም ተጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ የሆነው ምልክት ከዚያ የወጣ ነው፤ በቀይ መደብ ላይ ጨረር የሚረጭ ምልክት፣ የራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው። ማንም ቢያየው ይሸሻል። እንዲህ ያለ ነገር ኮልፌ ገበያ ላይ ቢጠየቅ ኖሮ ምን ይመጣ ነበር? ዛሬም ጊዜው አላለፈም። ማስጠንቀቂያችሁ በምን ቋንቋ ይጻፍ? በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ብቻ ይብቃ ወይስ በጉራግኛና በስልጥኛም ይነገር? ሥዕሉስ ቆራሌውን የሚያቆመው ምን ዓይነት ነው?

አሁን ወደ ሕጉ ልግባ፤ የምጠይቀው ከደግነታችሁ ሳይሆን ከመብታችን ስለሆነ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ማኅበረሰቡን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሕዝብ የመመካከር መብት እንዳለው፣ በአንቀጽ 92 ደግሞ በቀጥታ በሚነካው የአካባቢ ጉዳይ አሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ከዚያ የበለጠ ዝርዝር ነው። መሥሪያ ቤቱ ረቂቅ መመሪያውን በድረ ገጹና ሰፊ ስርጭት ባለው ጋዜጣ ማሳወቅ፣ ቢያንስ 15 የሥራ ቀን ለአስተያየት መስጠት ይኖርበታል። መመሪያው በፍትሕ ሚኒስቴር ካልተመዘገበ ተፈጻሚ አይሆንም። ይህ ሕግ ለአገራችን ትልቅ እርምጃ ነው፤ እንዲከበር እፈልጋለሁ።

ነገር ግን በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ድረ ገጽ ከፍቶ ረቂቅ የሚያነብ የኮልፌ ነዋሪ ስንት ነው? ከቆሼ ላስቲክ የምትለቅም እናት ጋዜጣ አትገዛም። ማስታወቂያውን የምትሰማው በእድሯ በኩል ነው። በቤተ ክርስቲያን ዐውደ ምሕረት፣ በመስጊድ ደጅ፣ በወረዳው ሰሌዳ፣ በዕቁብ ዕለት። እነዚህ መንገዶች ለልቅሶም ለመዋጮም ሲሠሩ ኖረዋል፤ ለጨረር መመሪያም ይሠራሉ። አዋጁ ያስቀመጠው ትንሹን ወሰን ነው፤ ከዚያ በላይ እንዳታደርጉ የሚከለክል ምንም የለም። ሌላም ክፍተት አለ። አዋጁ የሚናገረው ስለ መመሪያ ነው። በሚኒስትሮች ምክር ቤት የሚወጣ ደንብ በዚህ ሥርዓት አያልፍም። የጨረር ልክ፣ የካሳ ሁኔታ፣ የቆሻሻ ማስወገጃ ቦታ በደንብ ሲወሰን ሕዝቡ ድንገት ውጤቱን ብቻ ይሰማል። ስለዚህ ረቂቅ ደንብ ወደ ምክር ቤቱ ስትልኩም በፈቃዳችሁ በዚያው መንገድ እንድታሳልፉት እለምናለሁ።

«ጉዳዩ ሳይንስ ነው፤ ቁጥሩን የሚያወጣው ባለሙያ ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ እገምታለሁ። ባለሙያውን አከብራለሁ። ዓለም አቀፉ መመዘኛ ለሕዝብ በዓመት 1 ሚሊሲቨርት፣ ለጨረር ሠራተኛ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ይላል፤ እነዚህ ቁጥሮች ከብዙ ምርምር የመጡ ናቸው። ሳይንስ የሚነግረን ግን ይህን ያህል ጨረር ይህን ያህል አደጋ እንደሚጨምር ነው። ያ አደጋ ለማን ተገቢ ነው፣ በምን ጥቅም ምትክ፣ ማንስ ተስማምቶበት የሚለው የሁላችን ውሳኔ ነው። ጃፓን ይህን በመራራ መንገድ ተማረች። ከፉኩሺማ የኑክሌር ጣቢያ አደጋ በኋላ፣ በሚያዝያ 2011 እ.ኤ.አ.፣ የትምህርት ሚኒስቴሩ ተማሪዎች በትምህርት ቤታቸው ሜዳ እንዲጫወቱ በዓመት 20 ሚሊሲቨርትን እንደ መለኪያ አወጣ። ለአዋቂ ሠራተኛ የተቀመጠው ቁጥር ለሕፃን ሆነ ማለት ነው። የመንግሥቱ አማካሪ የነበሩ ፕሮፌሰር በጋዜጠኞች ፊት እያለቀሱ ሥራቸውን ለቀቁ። የፉኩሺማ ወላጆች ቶኪዮ ድረስ ሄደው ሚኒስቴሩ ደጅ ላይ ቆሙ። በግንቦት ወር ማብቂያ ላይ ሚኒስቴሩ በትምህርት ቤት የሚያርፈውን ጨረር ወደ 1 ሚሊሲቨርት ለማውረድ እንደሚጥር አስታወቀ፤ የሜዳውን አፈር ለማስጠረግም ገንዘብ መደበ። ወላጆቹ ፊዚክስ አልተማሩም። የልጆቻቸውን ነገር ግን ማንም ሊያውቅላቸው አይችልም ነበር። ቀድመው ቢጠየቁ ኖሮ ያ ሁሉ እንባ ባላስፈለገ ነበር።

ይህ ሩቅ አገር እንዳይመስል ወደ ራጅ ክፍል ልመልሳችሁ። ለታካሚ በሕግ የተቀመጠ የጨረር ጣሪያ የለም፤ ለታካሚው የሚያስፈልገው ራጁ ተገቢ መሆኑና በአነስተኛ ልክ መነሣቱ ነው። ስለዚህ የታካሚው ጥበቃ ያለው በሥነ ሥርዓቱ ውስጥ ነው። ሴቲቱ እርጉዝ መሆኗ ተጠይቋል ወይ? የሚንቀሳቀሰውን ሕፃን የሚይዘው ማን ነው፣ የእርሳስ ሽርጥስ ለብሷል ወይ? በሩ ሲዘጋ ኮሪደሩ ላይ የተቀመጡት ወረፋ ጠባቂዎች ከግድግዳው ምን ያህል ይርቃሉ? ያለፈው ወር የተነሣው ራጅ እያለ ሌላ የታዘዘው ለምንድን ነው? በግል ክሊኒክ የሚሠራው ወጣት ባለሙያስ የጨረር መለኪያ ባጁ የት ነው? ውጤቱስ ተነግሮት ያውቃል? እነዚህን ከታካሚና ከባለሙያው በቀር ማን ያነሣል? የምናፍርበትም ነገር አለ፤ ሕመምተኛ ሐኪሙን መጠየቅ አያውቅም፣ ወይም መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጠርበታል። መመሪያው ውስጥ «ታካሚ ስለሚደረግለት ራጅ የመጠየቅ መብት አለው፤ ይህም በክፍሉ በር ላይ በሚታይ ጽሑፍ ይለጠፍ» የሚል አንቀጽ ቢገባ ብዙ ነገር ይለወጣል።

ስለ ስልክ ማማዎችም አንድ ቃል ልናገር፣ ሰፈሩ የሚያወራበት ስለሆነ። የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም ማማዎች በየጣሪያው ሲቆሙ ሰው ይፈራል። የስልክ ሞገድ እንደ ራጅ ጨረር አይደለም፤ ሰውነት ውስጥ ካለው አቶም ኤሌክትሮን የመንቀል ጉልበት የለውም። በዓለም አቀፉ ገደብ ውስጥ እስካለ ድረስ እንደሚጎዳ የተረጋገጠ ነገር የለም። ግን ያ ገደብ በየሰፈሩ መጠበቁን የለካው ማን ነው፣ ውጤቱስ የት ይነበባል? መልሱ ቢለጠፍ ፍርሃቱ ይቀንሳል። ይህ ከእናንተም ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም የሚጠበቅ ነውና ተነጋግራችሁ ለነዋሪው ንገሩት።

በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኢትዮጵያ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ እንደምትገነባ ተናገሩ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈረመ። እኔ አገሬ ብርሃን እንድታገኝ እመኛለሁ፤ የምጽፈውም ለመቃወም አይደለም። ነገር ግን ሕዝብን የመስማት ልማድ በአንድ ቀን አይመጣም። ስለ ራጅ ክፍልና ስለ ቁርጥራጭ ብረት ሕዝብ ያልጠየቀ መሥሪያ ቤት ስለ ማብላያ ጣቢያ ሲጠይቅ የሚያምነው ሰው አያገኝም። በትንሹ ተለማምደን፣ ተነጋግረን፣ ስንጣላም ታርቀን ወደ ትልቁ ብንደርስ ለእናንተም ለእኛም ይሻላል።

ስለዚህ እንዲህ እንዲሆን እጠይቃለሁ። ቀጣዩ የጨረር ረቂቅ መመሪያ ሲዘጋጅ በኮልፌ ቀራኒዮ አንድ የወረዳ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ይጠራ። ቀኑ እሑድ ከሰዓት ይሁን፤ ቆራሌው በሳምንቱ ቀናት ሥራውን ጥሎ አይመጣም፣ ከቀረበትም የቀኑን እንጀራ ያጣል። ረቂቁ ከስብሰባው በፊት ለእድሮች በቀላል አማርኛ በጥቂት ገጽ ተጽፎ ይሰጥ፣ በሌሎች የሰፈሩ ቋንቋዎችም የሚያስረዳ ሰው ይኑር። ባለሙያዎቻችሁ ሁለትና ሦስት የማስጠንቀቂያ ምልክት፣ አንድ ባዶ የእርሳስ ዕቃና አንድ የጨረር መለኪያ ይዘው ይምጡ፤ ሰው ያየውን ነገር አይረሳም። የተነሣው አሳብ ሁሉ ይመዝገብ። ከዚያም የትኛውን እንደተቀበላችሁ፣ ያልተቀበላችሁትንም ለምን እንዳልተቀበላችሁ በጽሑፍ መልሱልን፤ ጽሑፉ በወረዳዎቹ ሰሌዳና በእድሮች በኩል ይድረሰን። የሕግ ጽሑፍ የማያነብ ሰው እንኳ ጎረቤቱ ያነበበለትን ሰምቶ «ይኼ እኔ ያልሁት ነው» ሊል ይችላል።

አዳራሹን ማግኘት፣ ወንበሩንና ድንኳኑን ከእድር ማስመጣት የእኛ ድርሻ ነው። ቀኑን ብቻ ንገሩን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የኮልፌ ቀራኒዮ ነዋሪ

ግልባጭ
ለፍትሕ ሚኒስቴር
ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም
ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን
ለኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ አስተዳደር
በክፍለ ከተማው ለሚገኙ እድሮች